ጉሮሮ

በጉሮሮዬ ነው ጉሮሮዬን የምደፍነው፤
ሥራዬ ቃል ነው፣ ቃሉም የሰው ነው።

ቢሮዬ ቁም ሣጥን ነው፣ ከኮትና ሹራብ መሃል፤
ልብስ ማሚቶ አይመልስም፣ የሰማውን ይውጣል።
ስልኩ ሲጠራ ስም የለኝም፣ ቁጥሬን ብቻ እናገራለሁ፤
ከዚያ በኋላ «እኔ» ስል ሌላ ሰው እሆናለሁ።
«ሆዴን ቆረጠኝ» እላለሁ፣ በልቼ ጠግቤ፤
«ምጤ ፋፍሟል» ብያለሁ፣ ሰው ሳይኖር በአጠገቤ።
አንድ ሌሊት «ባሌ ሞተ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ፤
በዚያው አፍ፣ በዚያው ትንፋሽ፣ «አዎ፣ ሞተ» ብዬ መለስሁ።

ኅዳር ላይ ድምፄ ሻከረ፤ ብርድ ነው ብዬ ማር ላስሁ።
ታኅሣሥ ላይ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጥ አለ፤ ዝንጅብል አፈላሁ።
በልደት ማግስት፣ የዊኒፔግ ብርድ መስኮቱን በበረዶ ሲለስን፣
«ሄሎ» ልል አፌን ከፈትሁ፤
ልሳን የለም፣ ነፋስ ብቻ።

በአፍንጫዬ ቀጭን ካሜራ ሰደዱ፤
ጉሮሮዬን በስክሪን አየሁት፣ ከዚህ በፊት ሳንተያይ፦
ሁለት ነጫጭ ጅማቶች፣ እንደ ድንኳን በር የሚከፈቱ የሚዘጉ፤
ግራና ቀኝ ግማሽ ምስር የሚያህሉ እብጠቶች፣
ፊት ለፊት ተፋጠው፣ እንደ ድንበር ተካሳሾች።

«ሰባት ቀን ዝም በይ» አለችኝ ማሪሴል፣ የድምፅ ባለሙያዋ፤
የማኒላ ልጅ ናት፣ ቃል አታባክንም።
«ማንሾካሾክም አይቻልም።»
ሹክሹክታ ምሕረት መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሱም ይቧጥጣል።
«ሲያሳክክሽ አትጥረጊው፣ ውኃ ጎንጨት በይ።
ማሞቂያው አየሩን ያደርቀዋል፤ ቤትሽን አርጥቢው።»
ከሰባቱ በኋላ የምሠራውንም አሳየችኝ፦
ስትሮ በብርጭቆ ውኃ ነክሮ፣ በዜማ እያጉረመረሙ አረፋ ማውጣት።
ሦስት ቋንቋ የሚያውቅ አፍ፣ አረፋ ሊማር ነው።

ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው
በደቂቃ አልተከፈለውም።

በአንደኛው ቀን ለአውቶቡስ ሹፌሩ ራሴን ነቀነቅሁ።
በሁለተኛው ድርጅቱ «መቼ ትመለሻለሽ?» ብሎ ጻፈ።
በሦስተኛው ማሞቂያው ላይ ድስት ሙሉ ውኃ ጣድሁ፣
ምንም የማይበስልበት።
ግድግዳ ማዶ ጎረቤቴ አስነጠሰ፤
«ይማርህ» ላንቃዬ ላይ ቀረች።
በአራተኛው፣ በዚያ ሁሉ ጸጥታ መሃል፣
«እኔ» ብዬ ላስብ ስል የማን እንደሆነ ጠፋኝ።

አምስተኛው ቀን፣ ፖርቴጅ ጎዳና ካለው ፋርማሲ ተሰልፌ፣
ከፊቴ አንዲት አሮጊት፤
እትዬ ደብሪቱ ይባላሉ፣ ኋላ ነው ያወቅሁት።
የክኒኑን ጠርሙስ እንደ ወፍ እንቁላል ይዘውታል።
ፋርማሲስቱ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ይጠብቃል፤
ከስልኩ ሙዚቃ፣ ከዚያ «አስተርጓሚ እየፈለግን ነው»፣
ከዚያ ሙዚቃ።
የሚፈለገው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

በወረቀት ጻፍሁላቸው፤
ሌላ ፎርም መስሏቸው፣ ዘቅዝቀው አይተው መለሱልኝ።
ከዚያ ወደ ጣሪያው ቀና ብለው
«እዚህ ቤት ሰው የለም ወይ?» አሉ።

ጉሮሮዬን ያሳክከኝ ጀመር። ውኃ ተጎነጨሁ።
ሙዚቃው ዞሮ ገጠመ።

«አለሁ» አልኋቸው።

ሻካራ ነው፣ ወፍራም ነው፣ የአባቴን ይመስላል፤
ግን ሹክሹክታ አይደለም።
ቁጥሬን አልተናገርሁም።
«ግማሽ ናት፣ እትዬ፤ ማታ ብቻ፣ ከእህል በኋላ።»
ሦስቴ አስደገሙኝ፤
ከዚያ የልጃቸውን ነገር አነሱ።

ሰኞ ለማሪሴል «አንድ ቃል ነው ያመለጠኝ» ብዬ ጻፍሁ፤
አየችኝ፤
ሰርዤ «አሥራ ሁለት ደቂቃ» አልሁ።
አልተቆጣችም። ሰሌዳው ላይ የነበረውን ሰባት
በእጅጌዋ አጥፍታ «አንድ» ብላ ጻፈች፤
ስትሮዬንም መሳቢያዋ ውስጥ መልሳ ቆለፈችበት።